ስንቅና የአውሮፕላን ሻንጣ፦ ትርፍ ኪሎ እንዳይገጥም ከቤት ሳይወጡ የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

ልጅ ወይም ወንድም ወደ ውጭ ሀገር ሲጓዝ ቤተሰብ ባዶ እጁን አይሸኘውም። በርበሬው ተቀንጥሶ ይፈጫል፣ ሽሮው ይመጠናል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ማሩ ይታሸጋል። የብዙ ቀን ድካም የወጣበት ይህ ስንቅ በአውሮፕላን ማረፊያ ሲመዘን ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ከተገኘ ግን መንገደኛው ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ የትርፍ ኪሎ ክፍያ መፈጸም ወይም ሻንጣውን በሰው ፊት ፈትቶ መቀነስ። ሸኚው ቀድሞ ከተመለሰ ደግሞ የተቀነሰውን የሚረከብ አይኖርም። ችግሩን ማስቀረት የሚቻለው ሻንጣው ከቤት ሳይወጣ ነው።

የተፈቀደውን ማወቅ

አየር መንገዶች የሻንጣ መጠንን በሁለት መንገድ ይወስናሉ። አንደኛው ጠቅላላ ክብደትን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሻንጣውን ብዛትና የእያንዳንዱን ክብደት ለይቶ ያስቀምጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በብዙ ዓለም አቀፍ መሥመሮቹ በኢኮኖሚ ማዕረግ ለሚጓዝ ሰው እያንዳንዳቸው እስከ 23 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 2 ሻንጣዎችንና እስከ 7 ኪሎ ግራም የሚደርስ የእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል። መጠኑ እንደ መሥመሩና እንደ ትኬቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ ወሳኙ በራሱ በመንገደኛው ትኬት ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በድምሩ ነው። አንዱ ሻንጣ 30፣ ሌላው 16 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 46 ይሆናል፤ ሆኖም ባለ 30 ኪሎው ከ23 ስለሚበልጥ ያስከፍላል። ከ32 ኪሎ ግራም በላይ የሆነን ሻንጣ ደግሞ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ክፍያ ቢፈጸምም አይቀበሉም፤ ምክንያቱ ሻንጣ የሚያነሡ ሠራተኞችን ከጉዳት መጠበቅ ነው።

ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከላሊበላ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ የሚበር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያጤን ይገባል። ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ከተቆረጠ በአብዛኛው የዓለም አቀፉ በረራ ፈቃድ ከመነሻው ጀምሮ ያገለግላል። የሀገር ውስጡ ትኬት ለብቻው ከተቆረጠ ግን ለሀገር ውስጥ በረራ የተወሰነው መጠን ተፈጻሚ ይሆናል።

ሊትር ኪሎ አይደለም

ማር በሊትር ተለክቶ ሲታሸግ ክብደቱ ያታልላል። 1 ሊትር ማር በግምት 1 ነጥብ 4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ በ5 ሊትር ጀሪካን የተሞላ ማር ያለ ዕቃው 7 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ባዶ ሻንጣም የራሱ ክብደት አለው፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ሻንጣ ብቻውን 4 ወይም 5 ኪሎ ሊመዝን ይችላል።

በቤት መመዘን

ሻንጣን በወፍጮ ቤት ወይም በእህል መደብር ሚዛን መመዘን ይቻላል። ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ካለ መጀመሪያ ሰውየው ብቻውን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ይዞ ይመዘናል፤ ልዩነቱ የሻንጣው ክብደት ነው። የሚዛኑን ትክክለኛነት ለማረጋገጥ 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውኃው 20 ኪሎ ስለሚመዝን ቁጥሩ ከዚያ ካነሰ ሚዛኑ አይታመንም። ሚዛኖች ስለሚለያዩ ከተፈቀደው 1 ኪሎ ያህል አጉድሎ ማሸግ ይመከራል።

የማይገባ ነገር ኪሎ አይውሰድ

ወደ አውሮፓ ኅብረት ሀገራት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ ቋንጣና ቅቤ በመግቢያው ላይ ይወረሳሉ፤ ማር እስከ 2 ኪሎ ግራም ይፈቀዳል። ወደ አሜሪካም ቋንጣ አይገባም፤ የተያዘ ምግብ ሁሉ በመግቢያው ላይ መገለጽ አለበት።

ሻንጣው ሲከብድ ማርና ቅቤን ወደ እጅ ሻንጣ ማዛወርም አያዋጣም፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽም ሆነ ለስላሳ ነገር በፍተሻ ይቀራል። ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄትም በእጅ ሻንጣ ሊከለከል ስለሚችል፣ በርበሬና ሽሮ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መሆን አለባቸው። በአንጻሩ የስልክ ኃይል ማጠራቀሚያ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ በእጅ ይያዛል።

አደራ

ለትርፍ ኪሎ ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ በመጨረሻው ሰዓት የሚመጣ የጎረቤትና የዘመድ አደራ ነው። እምቢ ማለት ቢከብድም፣ ስንት ኪሎ ለአደራ እንደተተወ አስቀድሞ መንገርና ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት መቀበልን ማቆም ቅያሜን ይቀንሳል። አደራውም በባለቤቱ ፊት ተፈትቶ መታየት ይኖርበታል፤ በሻንጣው ውስጥ ለሚገኝ ማንኛውም ነገር ተጠያቂው ሻንጣውን ያስመዘገበው መንገደኛ ነውና።

በመጨረሻም ሸኚዎች ሻንጣው ተመዝኖ መግባቱ በስልክ እስኪነገራቸው ድረስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይርቁ መልካም ነው። ያን ጊዜ የተቀነሰ ነገር ቢኖር እንኳ ወደ ቤት ይመለሳል።