የቀለብ ግዴታና የአረጋውያን ጤና በዋግ ኽምራ

«ጡረታ» የሚለው ቃል በመንግሥት መዝገብ ከመስፈሩ አስቀድሞ በገበሬው ቤት የነበረ ቃል ነው። በሰቆጣና በአካባቢዋ ደጋ ሰው አርጅቶ ሞፈር መጨበጥ ሲሳነው እርሻውን ለሚጦረው ልጅ ለቆ ከምድጃው ዳር ይቀመጣል፤ ጧሪ ያላገኘውም ቆብ ደፍቶ ወደ ደብሩ ይጠጋ ነበር። በበለጸጉት አገሮች ሕግ አውጪዎች የሚከራከሩት በመጦሪያ ቤት ውስጥ ምን ያህል የጤና አገልግሎት ይኑር በማለት ነው። በዋግ ግን መጦሪያ ቤቱ የልጅ ጎጆ ነው፤ ሕመምተኛውም የሚታመመው፣ የሚታከመውም በዚያው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ልማድ ከአንቀጽ 807 ጀምሮ ወደ ሕግ አሸጋገረው። ቀለብ ማለት እህል ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፣ ልብስና የጤና ጥበቃም እንደ አካባቢው ልማድ በአግባቡ ሊሟሉ ይገባል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሐሳቡን ወርሶታል። እንግዲህ የአረጋዊው ሕክምና በሕጋችን አስቀድሞ የተጣለው በጤና ጣቢያ ላይ ሳይሆን በልጁ ጫንቃ ላይ ነው።

ልጁ ከሌለስ? በ1977ቱ ረኀብ ከወሎ ክፍለ ሀገር ብዙ ሕዝብ ወደ ምዕራብ ሲሰፍር ለሥራ የበቃው ጎልማሳ ተመርጦ ሄደ። በቅርቡ የሰሜን ጦርነትም ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ወደ ሰቆጣ ገብተዋል። ባለግዴታው ሲጠፋ ዳኛው የሚፈርድበት ሰው ያጣል።

በዚህ ጊዜ የሚጠበቀው መንግሥት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአረጋውያን እርዳታ እንዲመደብ ያዝዛል፤ ነገር ግን የአገሪቱን አቅም መለኪያ ስላደረገ ለባለመብቱ የሚሰጠው መያዣ የላላ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የታወጀው ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ ነው። (ቃሉን ከገበሬው ወስደን ለደመወዝተኛ ብቻ መስጠታችን ያስተዛዝባል።) ለገበሬው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ መዋጮ ለማይችለው ድኃም መንግሥት እንዲከፍልለት ተደረገ። ሆኖም የመድኅን ደብተር ደካማውን ተሸክሞ ከቆላው እስከ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አያደርሰውም።

እስከ ደጁ የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የነበሩት 16 ፓኬጆች ግን ለእናትና ለሕፃን፣ ለንጽሕናና ለተላላፊ በሽታ የተቀረጹ ነበሩ፤ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ የራሱ ፓኬጅ አልነበረውም።