ሁለቱንም ወገን የሰማ ችሎት



ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ594 ገደማ ሶሎን የተባለ ሰው ለግሪኳ ከተማ ለአቴና ሕግ አወጣ። በዚያ ዘመን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ድኻ ለባርነት ይዳረግ ነበር። ሶሎን ይህን ከለከለ። የአቴና ዳኞች ከሳሽንና ተከሳሽን እኩል ለመስማት ይምሉ ነበር፤ የተሟጋቾቹ ጊዜም ከማሰሮ በሚፈስ ውሃ ይለካ ነበር። ታላቁ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ከልደት በፊት በ330 በችሎት ሲናገር በመግቢያው ያሳሰባቸው ይህንኑ መሐላ ነው።

ሆኖም መሐላ ብቻውን ፍትሕን አያመጣም። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ399፣ የአቴና ችሎት ሶቅራጥስን በ70 ዓመቱ በሞት ቀጣው። የመናገሪያ ጊዜ አልነፈጉትም። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሲወራበት የኖረው ሐሜት የዳኞቹን ጆሮ ቀድሞ ሞልቶት ነበር። ሴትና ባሪያማ በዚያ ችሎት ቆመው ስለ ራሳቸው መሟገት አይፈቀድላቸውም ነበር።

እስቲ አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ615 ጀምሮ በመካ ግፍ የበዛባቸው ሶሐቦች በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾችም እንዲያስመልሷቸው ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። የሆነውን ያስተላለፉልን ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። መልእክተኞቹ ንጉሡን ከማነጋገራቸው በፊት ለእያንዳንዱ ጳጳስ የቆዳ ስጦታ ሰጡ። ዓላማቸው ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ነበር። ጳጳሳቱም በዚሁ ተስማሙ። ነጃሺ ግን ተቆጡ፤ ጠርተው ሳይጠይቋቸው ማንንም አሳልፈው እንደማይሰጡ ማሉ።

እዚህ ላይ አስተውሉ! ስደተኞቹ በዚያ አገር ዘመድም፣ ሀብትም፣ ጦርም አልነበራቸውም። ያም ሆኖ ተጠሩ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተነሥተው ከእስልምና በፊት የነበሩበትን ድንቁርና፣ ነቢዩ ያዘዟቸውን እውነትና አማና፣ የደረሰባቸውንም ግፍ በቅደም ተከተል አስረዱ። ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ሲያነቡ ንጉሡ አለቀሱ። ዐምር በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሌላ ክስ ይዞ ቀረበ። ነጃሺ አሁንም አስጠርተው ጠየቁ፤ ጃዕፈርም ሳይሸፋፍኑ መለሱ። በመጨረሻ ስጦታው ለባለቤቶቹ ተመለሰ። የጃዕፈር አንደበት ድንቅ ነው፤ የሚሰማ ጆሮ ባያገኝ ግን ምን ይፈይድ ነበር?

የጎጃም አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች ከዐባይ ማዶ ዕቃ ጭነው ወደ ይጁቤ ገበያ በሚመጡበት ዘመን፣ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ጉልበተኛ ቢሆንም ይቆም ነበር። ባለጉዳዮቹ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ከዚያም «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በየተራ ይሟገታሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊን (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኩ፣ የሁለተኛውን ቃል እንደ መጀመሪያው ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ መክረዋቸዋል።

ዛሬስ በየቤታችን እንዴት ነን? ባልና ሚስት ሲጣሉ ቀድሞ ደጃችንን ያንኳኳውን ሰምተን እንፈርዳለን፤ ብዙ ጊዜ ሳትጠየቅ የምትቀረው ሚስት ናት። ጎረቤት ልጃችንን ሲከስ፣ ልጁን ሳንጠይቅ ዱላ እናነሣለን። በስልክ የመጣ ወሬ ሳይጣራ ለአሥር ሰው ይደርሳል። የቆዳ ስጦታ የሚያመጣልን የለም፤ ዝምድናና ውለታ ግን ጆሯችንን ቀድመው ይሞሉታል።

ስለዚህ ሽማግሌ ሆናችሁ ስትቀመጡ፣ ወይም ማዕድ ላይ የሰው ስም ሲነሣ፣ «እሷስ ምን አለች? እሱስ ተጠየቀ ወይ?» በሉ። ልጆቻችሁም ይህን ከእናንተ ይስሙ።

አላህ (ሱ.ወ) ሰምተው በፍትሕ ከሚፈርዱት ያድርገን። አሚን።