ለእንግዳ ይመለስ የነበረው የሽያጭ ግብር በእንግሊዝ አገር

የሽያጭ ግብር የሚባለው ገዥ ከዕቃው ዋጋ ጋራ አብሮ የሚከፍለው፥ ነጋዴውም ሰብስቦ ለመንግሥት ግምጃ ቤት የሚያስገባው ነው። ዕቃው በባዕድ አገር የሚያገለግል ሲሆን ግን ግብሩ የሚገባው ለየትኛው መንግሥት ነው? እንግሊዞች በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋልና ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች በጦርነቱ ዘመን፥ በ1940፥ የግዥ ግብር የተባለውን አቆሙ። በ1973 እርሱ ተሽሮ እኛ የተጨማሪ እሴት ታክስ የምንለው ተተካ። መጠኑ በመጀመሪያ ከመቶ 10 ነበረ፤ ከ2011 ወዲህ ግን ከመቶ 20 ሆነ።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ እንግዳ በለንደን ካፖርት በ600 ፓውንድ ገዛ እንበል። ከዚህ ውስጥ 100 ፓውንዱ ግብር ነው። (ብዙ ሰው 120 ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ከመቶ 20 የሚታሰበው ግብሩ ሳይጨመርበት በ500 ላይ ነው።) እንግዳው ፓስፖርቱን ለባለሱቁ አሳይቶ ቅጽ ይሞላል፤ ወደ አገሩ ሲመለስም በአውሮፕላን ማረፊያ ካፖርቱንና ቅጹን ለጉምሩክ ሹም አቅርቦ ማኅተም ያስመታል፤ ከዚህ በኋላ ገንዘቡ ይመለስለታል። ዕቃው ከተገዛበት ወር በኋላ ባለው በሦስተኛው ወር መጨረሻ ካልወጣ መብቱ ይቀራል። ገንዘቡን የሚመልሰው ኩባንያም የድካሙን ያስቀር ስለ ነበረ፥ 100 ፓውንዱ ሳይጐድል በእንግዳው እጅ የሚገባው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት በተለየች ጊዜ ግን ነገሩ ከበደ። ቀድሞ ይህ መብት ያልነበራቸው ፈረንሳዮችና ጀርመኖች እንደ ሌላው እንግዳ ሊጠይቁ ሆነ። በ2019 ብቻ ለ1.2 ሚሊዮን ያህል እንግዶች ግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ተመልሶ ነበርና፥ መንግሥት ወጪው እንዳይበዛ በመሥጋት በ2020 መጨረሻ ሥርዓቱን ሻረ፤ የቀረው በሰሜን አየርላንድ ብቻ ነው። ነጋዴዎቹ፥ «ገዥው ወደ ፓሪስና ወደ ሚላኖ ይሄድብናል» እያሉ ጮኹ። በ2022 ሴፕቴምበር 23 ቀን የገንዘብ ሚኒስትሩ ክዋሲ ክዋርቴንግ ሥርዓቱ ይመለሳል አሉ፤ ሃያ አራት ቀን እንኳ ሳያልፍ፥ ኦክቶበር 17 ቀን፥ ተተኪያቸው ጄረሚ ሀንት ሰረዙት።

በእኛ አስተያየት በዚህ ክርክር የተዘነጋ ነገር አለ። ያንኑ ካፖርት ባለሱቁ ራሱ ወደ እንግዳው አገር ቢልከው ዛሬም የእንግሊዝ ግብር አይከፈልበትም። እንግዲህ የተሻረው መሠረቱ አይደለም፤ በሻንጣ የሚወጣው ብቻ ነው። መንግሥት ይመልስ የነበረውን ገንዘብ ለባዕድ እንደ ተሰጠ ስጦታ አድርገው የሚቈጥሩትን ሰዎች የማንከተላቸው ስለዚህ ነው። ዕቃውን ያስላከ እንግዳም ቢሆን በነጻ አይቀበለውም፤ የመላኪያውን ዋጋ፥ አገሩም ሲደርስ እንደ ሕጉ የጉምሩኩን ቀረጥ ይከፍላል።