የሄደ ዘር የሚመለስበት መንገድ፦ የሰብል ዘረመል ሀብትና ዓለም አቀፍ ትብብር ከኢትዮጵያ አንጻር

በ1937 እና በ1938 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያ በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች የጀርመን ዘር አሰባሳቢዎች ከደጋው ገበሬ ማሳ ገብስ ለቅመው ወደ አገራቸው ወሰዱ። ከናሙናዎቹ ጥቂቶቹ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነሰውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። ይህን ጠባይ የሚያወርሰውን ዘረመል ተመራማሪዎች ኤምኤልኦ-11 ይሉታል። እሱን የያዘው የመጀመሪያው የንግድ ዝርያ አቴም በ1979 ኔዘርላንድስ ውስጥ ወጣ። ሌሎች የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲሸነፉ ይህኛው ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ በአውሮፓ የበልግ ገብስ ማሳዎች ላይ በስፋት ተሰራጭቷል። የካሊፎርኒያ ገብስ በቫይረስ በሚመጣው የቢጫ ድንክነት በሽታ ሲጎዳም ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ፈትነው መፍትሔውን ያገኙት ከኢትዮጵያ በሄደው ገብስ ውስጥ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው በቁጭት ነው። ቁጭቱ መሠረት አለው። ነገር ግን «ስንት ሊከፈለን ይገባ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ላለፉት 30 ዓመታት ድርድሩን ከሞላ ጎደል ለብቻው ተቆጣጥሮታል፤ በእኔ እምነትም ከዚያ የሚበልጠውን ጥያቄ ሸፍኖታል። የሚበልጠው ጥያቄ የሄደው ዘርና በላዩ የተገነባው ዕውቀት ተመልሶ ገበሬው ዘንድ የሚደርስበት መንገድ አለ ወይ የሚለው ነው።

የሕጉ አካሄድ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው የሚወዛወዝ ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አባል አገሮች በ1983 በሮም ያጸደቁት የመግባቢያ ሰነድ የዕፅዋት ዘረመል ሀብትን የሰው ልጆች የጋራ ቅርስ አደረገው። በጎ ሐሳብ ይመስላል። ሆኖም በዚያው ዘመን የበለጸጉት አገሮች ኩባንያዎች ከዚሁ የጋራ ቅርስ ያወጧቸውን ዝርያዎች በአዳቃይ መብትና በፓተንት ያጥሩ ነበር፤ የገበሬው ዝርያ የሁሉ፣ የኩባንያው ዝርያ የኩባንያው። በ1992 የወጣው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት መዘውሩን ገልብጦ ሀብቱን በየአገሩ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር አዋለው። በዚህ የድርድር መድረክ የአፍሪካን ቡድን አቋም ከቀረጹት መካከል ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ።

ሉዓላዊነቱ ግን ሌላ ችግር ወለደ። አንድ የስንዴ ዝርያ በዘር ሐረጉ ውስጥ ከብዙ አገሮች የመጡ ወላጆችን ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ወላጅ ከየመንግሥቱ ጋር መዋዋል ማለት ማዳቀሉን መተው ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ጎንም ብናየው፣ ዛሬ በምርት መጠን ከሰብሎቻችን ሁሉ የሚቀድመው በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ በስፋት የተዘራውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ሲያጠፋ በምትኩ የተዘሩት ካካባና ዳንዳአ መነሻቸው ሜክሲኮ ከሚገኘው የስንዴና በቆሎ ምርምር ማዕከል ነበር። ኩብሳ ራሱም የመጣው ከዚያው ነው። ሰጪ ብቻ የሆነ አገር የለም፤ እኛም አይደለንም።

በ2001 የጸደቀውና በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የምግብና የእርሻ ዕፅዋት ዘረመል ሀብት ዓለም አቀፍ ውል ይህን ሊያስታርቅ የተበጀ ነው። ኢትዮጵያ በ2003 አጽድቃዋለች። ውሉ 35 የምግብ ሰብሎችንና 29 የመኖ ዕፅዋትን በአንድ ዝርዝር አስገብቶ፣ በእነዚህ ላይ አባል አገሮች ለምርምርና ለማዳቀል በአንድ ወጥ የዝውውር ውል ናሙና እንዲለዋወጡ ያደርጋል። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ስለ ሰብሎቹ ከሚማረው ይልቅ ስለ ተደራዳሪዎቹ የሚማረው ይበዛል። አኩሪ አተር የለም፤ ለውዝ የለም፤ ቲማቲም የለም። ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ገብተዋል። ከእኛ ጤፍ፣ ቡና፣ እንሰትና ኑግ ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። ሁሉም የራሱን ጓዳ ዘግቶ የጎረቤቱ እንዲከፈት የጠየቀበት ድርድር ይመስላል።

የክፍያው ደንብ ደግሞ ከላዩ ጥብቅ፣ ከሥሩ ልል ነው። ከሥርዓቱ ዘር ወስዶ አዲስ ዝርያ ያወጣ ኩባንያ ከሽያጩ 0.77 በመቶ ለጋራ ፈንድ መክፈል የሚገደደው ሌሎች ዝርያውን ለምርምርና ለማዳቀል እንዳይጠቀሙበት ከከለከለ ብቻ ነው። የአዳቃይ መብት ይህን ስለማይከለክል በእሱ የተጠበቀ ዝርያ ግዴታ አያስከትልም። በዚህም ምክንያት ፈንዱ በዋናነት የኖረው በመንግሥታት የበጎ ፈቃድ መዋጮ ነው። ደንቡን ለማሻሻል ዓመታት የፈጀው ድርድር በ2019 በሮም ያለ ስምምነት ተበተነ።

ከዝርዝሩ ውጪ መቅረት ይሻል ነበር ለሚል የጤፍ ጉዳይ መልስ ይሰጣል። በ2005 የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት ውል ተፈራረሙ። በወቅቱ ውሉ እንደ አርአያ ተወድሶ ነበር። ኩባንያው የዘረመል ሀብቱን የራሱ እንዳያደርግ ተከልክሏል፤ ከትርፉ 5 በመቶ፣ በማናቸውም ሁኔታ በዓመት ከ20,000 ዩሮ የማያንስ፣ ለጤፍ ገበሬዎች ድጋፍ ሊያስገባ ተስማምቷል፤ የምርምር ውጤቱን ሊያካፍል፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን ሊያሳትፍም ቃል ገብቷል። የአርካቦት (ዘረመል ሀብትን የማግኘት) እና የጥቅም ተጋሪነት ሕጋችን፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም.፣ ገና አልወጣም ነበር።

ኩባንያው ግን የባለቤትነት ማመልከቻውን ቀድሞ አስገብቶ ነበር። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንት ሰጠው። የመብቱ ፍሬ ነገር ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር የተሻለ ይሆናል የሚል ነው፤ ባልትና ለምታውቅ ሴት ይህ ግኝት ተብሎ ቢነገራት የምትመልሰውን መገመት አያቅትም። ውሉ የከለከለው ዘሩን የራስ ማድረግን ሲሆን ፓተንቱ የጠቀለለው ዱቄቱን፣ ሊጡንና ከእነሱ የሚሠራውን ምግብ ነበር። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያ እስከዚያ ድረስ ያገኘችው ወደ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። ፓተንቱ ግን አብሮ አልሞተም። ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻግሮ፣ የመጀመሪያው ውል የማያስረው ባለቤት አገኘ።

በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ይዘት የለውም ብሎ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሻረው። አገር ቤት ዜናው እንደ ኢትዮጵያ ድል ተሰማ፤ ደስታው ይገባል። ነገር ግን በችሎቱ የተከራከሩት ሁለት የኔዘርላንድስ ድርጅቶች ነበሩ። ባለ ፓተንቱ የዳቦና የኬክ ግብዓት አቅራቢ የሆነውን ሌላውን ድርጅት መብቴን ጣሰ ብሎ ከሰሰ፤ ተከሳሹ ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም ብሎ መለሰና ረታ። ኢትዮጵያ በመዝገቡ ውስጥ ተከራካሪ ወገን አልነበረችም። ሁለትዮሽ ውል በባዕድ ፍርድ ቤት የሚያስከብረው ጠበቃ፣ ገንዘብና ክትትል ከሌለው ምን ያህል እንደሚሳሳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ መመለሻው መንገድ ልምጣ። አዲስ አበባ የሚገኘው የዘር ባንክ በ1976 ሲቋቋም ገንዘብና መሣሪያ የሰጠው የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ነበር። ከዚያ 40 ዓመት ገደማ በፊት ዘር የለቀመች አገር ተወላጆች ለባንኩ መደርደሪያ ማቆማቸውን ካሳ ብለን ባንጠራው እንኳ፣ ከሽያጭ መቶኛ ይልቅ የሠራው ይህ ዓይነቱ ትብብር መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። ባንኩን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከቅዝቃዜ ክፍሉ ውጪም አሰቡ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ፣ ነባር ዝርያዎች ከነጭራሹ ከመጥፋታቸው በፊት ለማትረፍ ባንኩ ዘር ሰበሰበ፤ በኋላም ዘሩ ወደ ማሳ እንዲመለስና ከገበሬዎች ጋር እየተመረጠ እንዲሻሻል ተደረገ። በካናዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ የተስፋፋው ይህ ሥራ መሠረቱ ቀላል ነው፦ ገበሬ የዘር ለጋሽ ብቻ ሳይሆን መራጭና አሻሻይ ነው። ዶክተር መላኩ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

ሐሳቡ ከዚያ በኋላም ፍሬ አፍርቷል። ከባንኩ የወጡ 400 ያህል የዱረም ስንዴ ናሙናዎች በመቄትና በሐገረ ሰላም አካባቢ ተዘርተው ገበሬዎች፣ ሴቶችና ወንዶች፣ እየዞሩ ነጥብ ሰጧቸው፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ያንን ምርጫ ከዘረመል መረጃው ጋር አስተያዩት። በመደርደሪያ ላይ ተረስተው ከነበሩት ውስጥ በምርምር ከወጡት ዝርያዎች የበለጡ ተገኙ። የጣሊያን ቤተ ሙከራ፣ የዓለም አቀፍ ማዕከል ባለሙያና የወሎ ገበሬ በአንድ ማሳ ላይ የተገናኙበት ይህ ሥራ እኔ ትብብር ለምለው ነገር ቅርብ ነው። ቢሾፍቱ ላይ በየዓመቱ ከውጭ የሚመጣ የዱረም ስንዴ በግንድ ዋግ የሚፈተንበት ማሳም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ሌላው ዓለም የእኛን በሽታ ይጠቀማል፣ እኛም የተረፈውን ዘር እናያለን።

አንድ የጦርነት ጊዜ ምሳሌም ማንሳት ይገባል። በደረቅ አካባቢ እርሻ ላይ የሚሠራው ኢካርዳ ከሐለብ አጠገብ የነበረውን የዘር ባንኩን በሶሪያ ጦርነት ሲያጣ፣ በ2015 ስቫልባርድ ካለው የኖርዌይ የዘር ጎተራ ቅጂዎቹን አውጥቶ ሊባኖስና ሞሮኮ ላይ እንደገና አባዛ። ከ2017 ጀምሮ የተባዛውን ወደ ጎተራው መለሰ። ቅጂው የሚጠቅመው ሊባዛበት የሚችል ማሳና ባለሙያ ሲኖር ነው።

አሁን ደግሞ ዘሩ ድንበር ሳይሻገር ዘረመሉ የሚሻገርበት ዘመን መጥቷል። የገብስ የዘረመል ቅደም ተከተል በኮምፒውተር ከተጫነ በኋላ የፈለገ ያወርደዋል፤ የዝውውር ውል የሚፈርም የለም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባላት በ2022 ለዚህ ፈንድ ለማቋቋም ወስነው የካሊ ፈንድ በ2025 ተከፈተ። መዋጮው የኩባንያዎች ፈቃድ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አልጥልበትም።

ኢትዮጵያ በቀጣዩ ድርድር የዓለም አቀፉ ውል ዝርዝር እንዲሰፋ ብትስማማ፣ ጤፍን ጨምራ እንኳ ብትሰጥ፣ የምታጣው ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ ቆልፎ መያዝ ከፓተንቱ አላዳነንም። በምላሹ መጠየቅ ያለባት ግን ከመቶኛ በፊት ሌላ ነው፦ በእያንዳንዱ ከአገር በሚወጣ ናሙና ላይ የተሠራ የምርምር ውጤት፣ የቅደም ተከተል መረጃውን ጨምሮ፣ ከናሙናው ቁጥር ጋር ተያይዞ ከ80 ሺህ በላይ ናሙና ወደያዘው ባንክ በግዴታ እንዲመለስና ይህንንም ማንበብ የሚችል ባለሙያ እንዲሠለጥን። በ2005ቱ የጤፍ ውል ውስጥ ይህ ቃል ተጽፎ ነበር፤ ያልተሠራለት እሱን የሚከታተል ክፍል ነበር።