የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ (ሰሜን ጎንደር)

በትንንሽ ከተሞች ጨው፣ ስኳር፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ሚስማርና አቡጀዲ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥበት ቤት ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች በጎንደር–ሽሬ መንገድ ላይ ያለችው ቆላማዋ ዛሪማ እንዲህ ያለ ሱቅ ከሚገኝባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

ከመኪና መንገድ በፊት ንግዱ የገበያ ቀን ጉዳይ ነበር። ነጋዴው አሞሌ ጨውና ጨርቅ በአጋሰስ ጭኖ ይመጣል፤ ገበያው ሲፈታ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ የሊማሊሞን ገደል ቆርጦ መንገድ አወጣ። የጭነት መኪና የሚያድርበት ቦታ ደግሞ ምግብ ቤት፣ መኝታና ሱቅ ይፈልጋል። የእነዚህ ከተሞች ቤቶች ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቤቱ ብዙውን ጊዜ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ቆርቆሮ በቆላ ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ግን ከሣር ክዳን ይልቅ እሳትንና ዝናብን ስለሚችል ባለሱቅ ይመርጠዋል። ከፊት በረንዳ አለ፤ ልብስ ሰፊው የእግር መኪናውን የሚዘረጋው እዚያ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ዕቃ የሚከማችበትና ቤተሰብ የሚያድርበት ጓዳ ይገኛል። ስኳሩ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀለላል፤ ላምባው ገዢው ይዞት በመጣው ጠርሙስ ይሰፈራል።

በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ይህን የሱቅ ንግድ ካስለመዱት መካከል የየመን ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ በ1960ዎቹ አገር ለቀው ቢወጡም «አረብ ቤት» የሚለው ስም ቀርቷል።

ሱቁን ከመንገዱ ቀጥሎ የለወጠው አዋጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የትናንቱ ተከራይ ባለሱቅ አከራዩ ቀበሌ ሆነ። ኪራዩ ረከሰለት፤ ቤቱን የሚያድስለት ግን ብዙም አልተገኘም፤ የብዙ ቀበሌ ቤቶች ጉስቁልና ከዚህ ይመነጫል። ስኳርና ሳሙና ወደ ቀበሌ ሱቅ ወረፋ ዞሩ፤ የግሉ ሱቅ በቀረው ሸቀጥ ቆየ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ ተመልሶ ሰፋ።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ በስልክም ይሆናል። ዱቤ ግን ዛሬም በደብተር ይያዛል፤ አዝመራ ሲገባ ይከፈላል።