ከኩራዝ እስከ ስማርት አምፖል፦ የመብራት መገጣጠሚያ ታሪክ ከሰንበቴ ገበያ ሲታይ



የዛሬውን ንግግሬን ከቤተሰቤ በወሰድሁት አንድ ገጠመኝ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅቴ ልጅ ከጅዳ ስትመለስ፣ ሰንበቴ ለሚኖሩት እናቷ አራት «ስማርት» አምፖሎች ይዛ መጣች። ከዓይነታቸው ርካሾቹ ነበሩ። አንገታቸው በቤቱ አምፖል መያዣ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ገባ። ልጅቱ በስልኳ ቀለማቸውን ስትለዋውጥ፣ ስታደምቅና ስታደበዝዝ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አየ። ከወር በኋላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ስልኳም አብሯት ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታላቅ እኅቴ ናቸው የነገሩኝ። መብራት ጠፍቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ አምፖሎቹ በሙሉ ድምቀት ቦግ ብለው ቤተሰቡን ይቀሰቅሳሉ። መብራቱ ሦስት አራት ጊዜ መጣ ሄደ ካለ ደግሞ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ። «ይህ መብራት ከእኛ ቤት ይብራ እንጂ የሚታዘዘው ለሌላ ነው» አሉኝ። ይህች አባባል ለንግግሬ መነሻ ሆናኛለች።

አምፖሎቹ አልተበላሹም ነበር፤ የሠሩት እንደ ተሠሩበት ሐሳብ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት አምፖሎች ዘንድ በተከታታይ መጥፋትና መብራት «የቀድሞውን ባለቤት እርሳ፤ አዲስ ፈልግ» የሚል ትእዛዝ ነው። ይህን የወሰነው መሐንዲስ መብራት የሚቋረጠው ሰው ሆን ብሎ ማጥፊያውን ሲነካ ብቻ ነው ብሎ አስቧል። በእኛ ቋንቋ ግን መብራት ራሱ «ይመጣል»፣ ራሱ «ይሄዳል»። ብርሃኑንም፣ ኤሌክትሪኩንም፣ አቅራቢውን መሥሪያ ቤትም በአንድ ቃል «መብራት» እንላለን። ከዚህ በመነሣት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የመብራት ታሪክ ከብርሃኑ ይልቅ የመገጣጠሚያው ታሪክ ነው። ምን ከምን ጋር ይገጥማል? መግጠሙንስ የሚወስነው ማን ነው? የዕቃው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ ነው።

የመጀመሪያው ዘመን የኩራዝ ዘመን ነው። ኩራዝ ከተጣለ ቆርቆሮ፣ ከጨርቅ ክርና ከላምባ ይሠራል። የትኛውም ቆርቆሮ ከየትኛውም ክር ጋር ይስማማል፤ መግጠሙን ዓይን ያያል፣ እጅ ያስተካክላል። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ እሳት የማስነሣት አደጋውም የታወቀ ነው። ስለዚህ ኩራዝን ለማወደስ አልነሣሁም። ነገር ግን ኩራዝ ሲበላሽ ባለቤቱ ራሱ ይጠግነዋል።

ሁለተኛው የጥምዝ አንገት ዘመን ነው። ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጄኔሬተር እ.ኤ.አ. በ1898 ቤተ መንግሥቱን ለማብራት እንደ ተተከለ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1912 በአቃቂ ወንዝ ላይ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሥራው በጠላት ንብረት አስተዳደር ሥር ቆይቶ፣ በ1948 ዓ.ም. ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው ድርጅት ተቋቋመ። ከመሥመሩ ጋር አብሮ የገባው 220 ቮልትና በዓለም ዙሪያ «ኢ 27» የሚባለው አንገት ነው። ኢ የኤዲሰን ስም መነሻ ፊደል ስትሆን 27 የጥምዙ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። እንግሊዞችና ብዙዎቹ ቅኝ ግዛቶቻቸው ባለ ሁለት ጆሮውን «ቢ 22» መረጡ።

ይህ ዘመን ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 የዓለም ታላላቅ አምፖል ሠሪዎች ጄኔቫ ላይ «ፊበስ» የተሰኘ የስምምነት ማኅበር መሠረቱ። የአምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት ገደማ እንዲሆን ወሰኑ፤ ከዚያ የሚያልፍ አምፖል የሚሠራ አባል መቀጮ ይከፍል ነበር። አንገቱ የሁሉም ነበር፤ ዕድሜው ግን የጥቂቶች ውሳኔ ሆነ። ቢሆንም ገዢው አንድ ነጻነት ቀርቶለታል፤ የአንዱን ፋብሪካ አምፖል አውልቆ የሌላውን መክተት ይችላል። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ መብራት ኃይል የቀድሞውን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢ አምፖል በሚሊዮኖች ሲያድል፣ ያን ያህል ለውጥ የተቻለው አንገቱ አንድ ስለ ነበረ ነው። የማንም ቤት ሽቦ መቀየር አላስፈለገም።

ሦስተኛው ዘመን አሁን ያለንበት ነው። አንገቱ ይገጥማል፤ ቋንቋው ግን አይገጥምም። አንዱ አምፖል በዋይፋይ፣ ሌላው በብሉቱዝ፣ ሦስተኛው በዚግቢ ይነጋገራል። እዚህ ላይ ወደ ሰንበቴ ገበያ ልውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በየእሑዱ የሚቆመው ይህ ገበያ ከቆላ የሚወጣውን አፋር፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራውና ከአርጎባው ጋር ያገናኛል። ቋንቋ የማይግባቡ ሻጭና ገዢ በመካከላቸው ደላላ ያቆማሉ። በቴክኖሎጂው ዓለም «ሃብ» የሚሉት ሣጥን ይህ ደላላ ነው። የዚግቢ አምፖል ያለ ደላላ ከስልካችን ጋር አይነጋገርም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2012 «ሂው»ን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሦስት አምፖሎች ከነሣጥናቸው 199 የአሜሪካ ዶላር ይሸጡ ነበር። ርካሾቹ የዋይፋይ አምፖሎች ሣጥን አያስፈልጋቸውም፤ ሆኖም አብዛኞቹ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚሰጥ ራውተር፣ የአምራቹን መተግበሪያ፣ ብዙውን ጊዜም በሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ይሻሉ። ደላላው አልቀረም፤ ከገበያው ርቆ ተቀመጠ እንጂ።

የሩቅ ደላላ አደጋ በታሪክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የሂው ሣጥን በአንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሌሎች ፋብሪካዎችን አምፖሎች አልቀበልም አለ፤ ተጠቃሚዎች ሲጮኹ ኩባንያው ውሳኔውን በቀናት ውስጥ ሻረ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ደግሞ የአሜሪካው ኢንስቲዮን ሰርቨሮቹን ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋ፤ ዕቃዎቹ ሳይበላሹ ደንበኞቹ ከርቀት የማዘዝ ሥልጣናቸውን አጡ። በኋላ አገልግሎቱን ገዝተው ያስቀጠሉት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ታዲያ የጋራ ቋንቋ እንዴት ይገኛል? የገንዘብ ታሪካችን የሚያስተምረን አለ። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ያስመቱት ብር ከማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ጋር በክብደት እኩል ነበር። ነጋዴው ግን ለረዥም ጊዜ ጠገራውን መረጠ፤ ምክንያቱም ጠገራው በየገበያው ያለ ክርክር ይታመን ነበር። የጋራ መለኪያ በአዋጅ ሊታወጅ ይችላል፤ የሚጸናው ግን በብዙ እጅ ተፈትኖ ሲታመን ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የወጣው «ማተር» የተሰኘው የጋራ ደረጃ ይህን እምነት ለመገንባት የተደረገ ሙከራ ነው። ከአንድ በላይ ኩባንያ ሥርዓት ጋር መሥራትን፣ ትእዛዝም በቤት ውስጥ ባለ መረብ እንዲፈጸም ማድረግን ዓላማው አድርጓል። ነገር ግን ቀድሞ የተሸጡት ርካሽ አምፖሎች ብዙዎቹ ይህን ቋንቋ አይማሩም።

ስለ ወጪ ስንናገርም ስሌቱን እናስፋ። 60 ዋት የነበረው የቀድሞ አምፖል በአራት ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይበላል፤ 9 ዋት ኤልኢዲ 36 ብቻ። እዚህ ያለው ቁጠባ ታላቅ ነው፤ ይህን ቁጠባ ያመጣው ግን ኤልኢዲው ነው፤ «ስማርት» መሆኑ አይደለም። ስማርት አምፖል ጠፍቶም ትእዛዝ ይጠብቃል። ሲጠብቅ 0.5 ዋት ቢወስድ፣ በቀሪው 20 ሰዓት 10 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ለብርሃኑ ከዋለው ከሩብ በላይ ነው። በዚህ ላይ የራውተሩ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉና የስልኩ ወጪ ይታከላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃን በሁለተኛ ጊዜ መግዛት ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል። ርካሽ ዕቃ በጣም የሚወደደው ሊተካ በማይችል ሰው ቤት ነው።

አዲሱን ነገር እንድትሸሹት አልመክርም። አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት በድምፁ መብራት ማብራት መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁንና ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ዕቃው ይታዘዛል ወይ? መብራት ሄዶ ሲመጣ የነበረበትን ያስታውሳል ወይ? አምራቹ ቢዘጋ ከሌላ ሥርዓት ጋር ይሠራል ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። የአገራችን የደረጃ ተቋማትም አንገትንና ቮልትን እንደሚመረምሩ ሁሉ ቋንቋንም መመርመር ይኖርባቸዋል። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ቤተ መዛግብት ብቻ ሳይሆን ወደ ገበያም ውረዱ። የአምፖል ነጋዴዎች ምን ተመለሰባቸው፣ ለምን ተመለሰ ብሎ መጠየቅ በራሱ የታሪክ ምንጭ መሰብሰብ ነው።

እኅቴ ሦስቱን አምፖሎች አውልቀው በተራ ኤልኢዲ ተክተዋቸዋል። አራተኛው በረንዳው ላይ ቀርቷል፤ በግድግዳው ማብሪያ ያበሩታል፣ ያጠፉታል። ኩራዙም ከመደርደሪያው አልወረደም። እኔ ይህን ኋላ ቀርነት አልለውም፤ ቤታቸውን በሚገባ የሚያውቁ ሰው ውሳኔ ነው።