ፈውሰ ፈረስ

ፈውሰ ፈረስ የሚባለው፣ በአካል ጉዳት ወይም በጦርነትና በመከራ በመጣ የመንፈስ ጭንቀት የተያዘ ሰው፣ በገራም ፈረስ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ወይም ፈረሱን እየመገበና እያሻሸ፣ በባለሙያ መሪነት ኃይሉንና ጸጥታውን እንዲያገኝ የሚደረግበት የሕክምና ረድኤት ነው። ፈረስ በዝግታ ሲራመድ ጀርባው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚወዛወዝ፣ የተቀማጩ ዳሌ በእግሩ እንደሚሄድ ሰው ዳሌ ይንቀሳቀሳል፤ 38 ዲግሪ ገደማ የሆነው የፈረሱ ገላ ሙቀትም የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል። በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች የሰለለችው ዴንማርካዊት ሊዝ ሃርቴል በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳልያ ባገኘች ጊዜ ነገሩ በዓለም ተሰማ።

በሐይቅና በአምባሰል ግን፣ እንደ መላው ወሎ ሁሉ፣ ፈረስ ዝናውን ያተረፈው በፈውስ ሳይሆን በዘመቻ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው የራስ፣ በኋላም የንጉሥ ሚካኤል ፈረሰኛ ስመ ጥር ሲሆን፣ ሚካኤል ራሳቸውም እንደ ዘመኑ መኳንንት በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። ጌታና ፈረስ በስም እስኪዛመዱ ድረስ በተቀራረቡበት አገር፣ በሐይቅ ባለው በአባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳም አካባቢ እንኳ ድውይ አስቀድሞ የሚሻው ጸሎትና ጠበል ቢሆንም፣ ይህ በፈረስ የመፈወስ ጥበብ ባዕድ ሊሆን አይገባውም፤ ገራም ፈረስና ፈረስ ዐዋቂ ባላገር በደጋው ሞልቷልና። ይሁን እንጂ ለሁሉ አይበጅም፤ አከርካሪው ያልጸና ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ በፈረስ አይቀመጥም።